ለወሎ ወንዞች ማነጻጸሪያ ቦታ አመራረጥ፦ ከካርታው እስከ ወንዙ ዳር

«ውኃውን ለካሁት፣ ወንዙ ውስጥ የሚኖሩትን ትንንሽ ነፍሳትም ቆጠርኩ፤ ግን ደህና ነው ወይስ ተጎድቷል የምለው ከምን ጋር አስተያይቼ ነው?» ይህን ጥያቄ የወረዳ ባለሙያውም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራው ተማሪም፣ የፕሮጀክት ሠራተኛውም ይጠይቃል። መልሱ ማነጻጸሪያ ቦታ ነው። የሚመዝኑት ወንዝ የሰው እጅ ባይበዛበት ኖሮ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ፣ በዓይነቱ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ የወንዝ ክፍል ማለት ነው። ከታች ያለው አሠራር ለወሎ ደጋና ወይና ደጋ ጅረቶች የተዘጋጀ ነው፤ ለቆላውም ጥቂት ማስተካከያ ተደርጎበት ያገለግላል።

አንድ ነገር ከመነሻው ይያዙ፦ ቦታው የሚመረጠው በውበቱ ወይም በውኃው መጥራት አይደለም፣ ጫናው አነስተኛ በመሆኑ ነው። ኩልል ብሎ የሚወርድ ውኃ ከላይ ግማሹ በመስኖ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ካርታ የተጫነበት ስልክ ወይም ጂፒኤስ፤ 1፡50,000 የመሬት ገጽታ ካርታ
- ጉግል ኧርዝና ኪው ጂ አይ ኤስ የተባለው የካርታ ሥራ ፕሮግራም ያለው ኮምፒውተር (ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ)
- የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅም (ኮንዳክቲቪቲ)፣ የፒኤች፣ የሙቀትና የሟሟ ኦክስጅን መለኪያ
- የድፍርስነት መለኪያ ቱቦ
- ቀዳዳው 500 ማይክሮን የሆነ ባለ እጀታ መረብ፣ ነጭ ሳህን፣ ወረንጦ
- 96 በመቶ ኤታኖልና አፈ ሰፊ የፕላስቲክ ጠርሙሶች። ካቲካላ አይተካውም፤ ኃይሉ ስለማይበቃ ናሙናው በጥቂት ቀን ይሸታል
- እርሳስና ወፍራም ወረቀት። በእስክሪብቶ የተጻፈ መለያ በአልኮል ይጠፋል
- 50 ሜትር ሜትሮ፣ አንድ ሎሚ፣ ሰዓት
- ረጅም ቦቲ ጫማና እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት
- ከወረዳው የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ፣ ከሦስት ኮፒ ጋር

መቼ ይወጣል?

ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ከሁሉ የተሻለው ጊዜ ነው። ክረምቱ ካበቃ በኋላ የወንዙ ወለል እስኪረጋና ነፍሳቱ ተመልሰው እስኪሰፍሩ ቢያንስ 6 ሳምንት ይስጡት። ከጥር ወዲያ ደግሞ ሁለት ነገር ይመጣል፦ የመስኖ ጠለፋው ይበረታል፤ አዝመራው ስለተነሳ ከብቱ በቃርሚያው ላይ ልቅ ይሰማራና ወንዙ ውስጥ ይውላል። የካቲት ላይ በልግ ከገባማ ወለሉ እንደገና ይታጠባል። በጥቅምት ጸጥ ያለ የሚመስል ዳርቻ በጥር የከብት መናኸሪያ ሊሆን ስለሚችል፣ የመረጡትን ቦታ በጥር መጨረሻ አንዴ ደግመው ይዩት።

1. የሚመዝኑት ወንዝ ምን ዓይነት እንደሆነ ይወስኑ

በቅድሚያ የሚመዘነውን ቦታ እንጂ ማነጻጸሪያውን አይፈልጉ። አምስት ነገር ይመዝግቡ፦

- ከፍታ፦ ቆላ (ከ1,500 ሜትር በታች)፣ ወይና ደጋ (ከ1,500 እስከ 2,300)፣ ደጋ (ከ2,300 እስከ 3,200)፣ ውርጭ (ከ3,200 በላይ)
- የተፋሰስ (ውኃው ወደ ቦታው የሚወርድበት መሬት ሁሉ) ስፋት፦ ከ10 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች፣ ከ10 እስከ 100፣ ከ100 እስከ 1,000
- ወለሉ፦ ቋጥኝ፣ ድንጋይና ጠጠር፣ አሸዋ፣ ወይስ ጭቃ
- ተዳፋትነቱ
- ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል ወይስ ይደርቃል?

ለምን ይህ ሁሉ ድካም? ከሚሴ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። ከደሴ በላይ ያለ ምንጭን ለከሚሴው ቦርከና ወንዝ ማነጻጸሪያ ቢያደርጉ የአየሩ ሙቀት ብቻ በ6 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ይለያያል። የሚኖሩበት ነፍሳትም ይለያሉ። ያገኙት ልዩነት የብክለት ይሁን የከፍታ መለየት አይቻልም፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ተፋሰሱንም ይለዩ። ቦርከናና ሚሌ ወደ አዋሽ፣ በሽሎ ወደ ዓባይ፣ የላስታው ውኃ ወደ ተከዜ ይሄዳል። ለነፍሳት ሲሆን ከጎረቤት ተፋሰስ ማነጻጸሪያ መውሰድ ይቻላል፤ አብዛኞቹ ክንፍ ስላላቸው ተራራ ይሻገራሉ። ለዓሣ ግን አይሠራም፣ ከዚያው ተፋሰስ ይፈልጉ።

2. የተፋሰሱን ወሰን ያስምሩ

30 ሜትር ጥራት ያለውን የኤስ አር ቲ ኤም የከፍታ መረጃ አውርደው በኪው ጂ አይ ኤስ ከእጩ ቦታው በላይ ያለውን ተፋሰስ ያውጡ። ቦታውን የሚወስነው ዳርቻው ላይ የሚታየው ሳይሆን ከላይ የሚወርደው ነው። በገደላማው ደጋ ኮምፒውተሩ የሚያወጣው መስመር ይታመናል። እንደ ጨፋ ባለ ሜዳማ ረግረግ ግን ይሳሳታል፤ ወሰኑን በእግርና በጥያቄ ያስተካክሉ።

3. ከሳተላይት ምስል ላይ ያጣሩ

የሚያዩት ምስል ከጥር እስከ ግንቦት የተነሳ ይሁን። የነሐሴና የመስከረም ምስል ላይ ማሳውም፣ ግጦሹም፣ ቁጥቋጦውም አረንጓዴ ስለሆነ አይለዩም።

እንደ ሥራ መለኪያ የሚከተሉትን ይጠቀሙ፦

- ለተፈጥሮ ቅርብ (ደረጃ ሀ)፦ የታረሰ መሬት ከተፋሰሱ 20 በመቶ በታች፤ ከላይ ከተማ፣ ፋብሪካ፣ ግድብና ጠለፋ የሌለ፤ ከወንዙ ግራና ቀኝ ቢያንስ 10 ሜትር ነባር ዕፅዋት ያለው
- ከተገኘው የተሻለ (ደረጃ ለ)፦ የታረሰ መሬት እስከ 50 በመቶ፤ ከላይ ከተማና ፋብሪካ የሌለ፤ ጠለፋ ካለም ከቦታው ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ውኃው ተመልሶ የሞላበት

ወሎ ብዙ ዘመን የታረሰ አገር ነው። በወይና ደጋው ደረጃ ሀን በቀላሉ አገኛለሁ ብለው አይነሱ። ደረጃ ለን መጠቀም ነውር የለውም፤ ችግሩ ደረጃ ለን «ያልተነካ» ብሎ መጻፍ ነው።

ፍለጋውን ከየት ይጀምሩ? ለደጋና ለውርጭ የደንቆሮ ደን ያለበት የቦረና ሳይንት አካባቢ፣ የአምባ ፈሪት አናት ሥርና የአቡነ ዮሴፍ ጥብቅ ስፍራ። ለወይና ደጋ በኮምቦልቻ አቅራቢያ ከየጎፍ ደን የሚወጡ ትንንሽ ጅረቶች፤ እዚያ ነባሩን ደን ከተተከለው መለየት አለብዎት። ቀጥሎም በየአጥቢያው ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖችና የመስጊድና የመቃብር ቦታ ዛፎች ይታያሉ። እነዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሄክታር ናቸው፤ ዳርቻውን እንጂ ተፋሰሱን አይጠብቁም።

ምስሉ ላይ ሦስት ነገር ያሳስታል፦

ባሕር ዛፍ። ከላይ ሲታይ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይመስላል። በመስመር የቆመ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለና ጥላው አንድ ወጥ ከሆነ ባሕር ዛፍ ነው። ውኃ ይስባል፤ ቅጠሉም በውኃ ውስጥ እንደ ሾላ ወይም እንደ ዋንዛ ቅጠል በቀላሉ ስለማይበላ የነፍሳቱን መኖ ይለውጣል።

የተከለለ ተራራ። ከግጦሽ የተከለለ ዳገት ሲያገግም ያምራል፣ ለደረጃ ለም ይሆናል። ሆኖም እርከኑና በየሸለቆው የተሠራው የድንጋይና የጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ክትር የውኃውን አወራረድና የደለሉን ጉዞ ለውጦታል። ከክትሩ ቢያንስ 300 ሜትር ይራቁ።

ዛፍ የሌለው ውርጭ። ከ3,200 ሜትር በላይ ጓሳ፣ አስታና ጅባራ ተፈጥሯዊው ልብስ ነው። «ዳርቻው ላይ ዛፍ የለም» ብለው ነጥብ አይቀንሱበት። ይልቁንስ ገብስ እስከ የት ድረስ እንደተዘራ ይመልከቱ።

ከዚህ ማጣሪያ ለአንድ ዓይነት ወንዝ ከ10 እስከ 15 እጩ ይዘው ይውጡ። ግማሹ በእግር ሲታይ ይወድቃል።

4. የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ

ደብዳቤውን ለወረዳውና ለቀበሌው ያስገቡ፤ የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታም እዚያው ይጠይቁ። ከዚያ የግብርና ልማት ሠራተኛውን፣ የመስኖ ተራ የሚያወጣውን የውኃ አባት፣ ውኃ የሚቀዱ ሴቶችንና እረኞችን ያነጋግሩ።

«ውኃው ንጹሕ ነው ወይ?» ብለው ከጠየቁ «አዎ፣ አልሐምዱ ሊላህ ንጹሕ ነው» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለጸበልም ይሆናል» ይባላሉ፤ ሰው ውኃውን ለእንግዳ አያማም። ጥያቄው ተጨባጭ ይሁን፦

- «አባባ፣ ባለፈው ግንቦት ከብቱ የት ወርዶ ጠጣ?»
- «እቴ፣ ልብስ የሚታጠበው የትኛው ድንጋይ ላይ ነው? በሳምንት ስንት ቀን?»
- «ጠለፋው የሚዞረው በየትኛው ወር ነው? ማታ ማታስ ወንዙ ውስጥ የሚቀር ውኃ አለ?»
- «የባቄላና የሽንኩርት መድኃኒት የሚረጨው መቼ ነው? መርጫው የት ይታጠባል?»
- «በ1977ቱ ድርቅ ደርቆ ነበር?» (ዕድሜያቸው ለገፉ ብቻ)

እረኛን አይናቁ። የትኛው ኩሬ ውስጥ አልቅት እንዳለ፣ ሸርጣን የት እንደሚያዝ ከማንም በላይ ያውቃል። ጸበል ባለበት ከካህኑ፣ የአውሊያ ስፍራ በሆነበት ከሸሁ ሳይፈቀድ መረብ አይንከሩ።

5. ወንዙን በእግር ይመዝኑ

100 ሜትር የወንዝ ክፍል ይለኩ። ከዚያ 500 ሜትር ወደ ላይ ይራመዱ፤ የሚገባ ቦይ፣ መንገድ፣ ቤት፣ የአሸዋ መጫኛ እንዳይኖር ነው። በየንጥሉ ከ0 (የለም) እስከ 3 (ከባድ) ነጥብ ይስጡ፦

- እስከ ወንዙ አፍ የታረሰ ማሳ
- የከብት መውረጃና በከብት የተረገጠ ዳርቻ
- የልብስና የመኪና ማጠቢያ
- ጠለፋ፣ የውኃ ፓምፕ
- የአሸዋና የድንጋይ ማውጫ
- ባሕር ዛፍ
- ድልድይ፣ ጋቢዮን፣ የመንገድ ቁፋሮ ናዳ
- ቤት፣ መጸዳጃ፣ ቆሻሻ

ድምሩ 4 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ አንዱም ከ1 ካላለፈ ደረጃ ሀ ነው። ድምሩ እስከ 8 ሆኖ 3 ያገኘ ንጥል ከሌለ ደረጃ ለ። የፋብሪካ ወይም የከተማ ፍሳሽ ካለ ድምሩ ምንም ይሁን ምን ይጣሉት። በኮምቦልቻ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀበሉት እንደ ለዮሌ ያሉ ጅረቶች የሚመዘኑ እንጂ የሚመዝኑ አይደሉም። ሁለት ሰው ለየብቻው ነጥብ ይስጥ፣ መጨረሻ ላይ ይተያይ። ከ2 ነጥብ በላይ ከተለያዩ አብረው ይድገሙት።

ደለሉን እንዲህ ይመልከቱ። ውኃው ከሚፈጥንበት ቦታ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ያንሱ። ጎኑ ላይ ዙሪያውን የሄደ የቀለም መስመር ይታያል፤ ከመስመሩ በላይ ቡናማ ወይም አረንጓዴ፣ ሲነኩት የሚያሙለጨልጭ ልባስ አለ፣ ከመስመሩ በታች ድንጋዩ ራቁቱን ነው። ያ መስመር ድንጋዩ ምን ያህል በደለል ተቀብሮ እንደነበር ይናገራል። 10 ድንጋይ ያንሱና አማካዩን ይያዙ። ከሩብ በታች ከተቀበሩ ጥሩ ነው፤ ከግማሽ በላይ ከሆነ ከላይ የሚሸረሸር መሬት አለ፣ ምስሉ ላይ ባይታይም። ነፍሳቱ የሚኖሩት በድንጋዮቹ መካከልና ሥር ባለው ክፍተት ስለሆነ፣ ክፍተቱ ሲደፈን ውኃው ንጹሕ ሆኖም ቤታቸው ይጠፋል።

የውኃውን መጠን በሎሚ ይለኩ። ሎሚ አብዛኛው አካሉ ጠልቆ ስለሚሄድ ነፋስ አይገፋውም። 10 ሜትር ለመሄድ የፈጀበትን ሰከንድ 3 ጊዜ ይያዙና አማካዩን ይውሰዱ፤ 10ን በሰከንዱ ያካፍሉ፣ በ0.85 ያባዙ (ላይኛው ውኃ ከታችኛው ስለሚፈጥን)፣ ከዚያ በስፋቱና በአማካይ ጥልቀቱ ያባዙ።

6. ውኃውን ይለኩ

ወንዙን ሳይረግጡ፣ ከናሙናው በፊት ይለኩ። ኦክስጅን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ቢለካ ይመረጣል፤ ሌሊት ዕፅዋቱ ኦክስጅን ስለማይሠሩ ችግር ካለ ጠዋት ይጋለጣል። ከሰዓት በኋላ ሙሌቱን (ውኃው ሊይዝ ከሚችለው ኦክስጅን ስንት በመቶ እንደያዘ) ከ120 በመቶ በላይ ካነበቡ ደስ አይበልዎ፣ አልጌ በዝቷል ማለት ነው፤ ማዳበሪያ ወይም ፍግ ከላይ ይገባል።

ኦክስጅንን በሚሊግራም ብቻ አይመዝግቡ። ውኃው 20 ዲግሪ ሲሆን በባሕር ወለል የሚይዘው 9.1 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ በኮምቦልቻ ከፍታ 7.3 ገደማ፣ በደሴ ከፍታ 6.7 ገደማ። ያልታወቀበት ሰው የደጋውን ንጹሕ ጅረት «ኦክስጅን ያነሰው» ብሎ ይጥለዋል። መለኪያውን በቦታው ከፍታ አስተካክለው የሙሌት በመቶውን ይጻፉ።

ለኮንዳክቲቪቲ (በውኃው የሟሟ ጨው ሲበዛ የሚጨምር ልኬት ነው) ከመጽሐፍ የተወሰደ አንድ ገደብ አይጠቀሙ፤ እጩዎቹን እርስ በርስ ያስተያዩ። አንዱ ከሌሎቹ በእጥፍ ከበለጠ በየ200 ሜትሩ እየለኩ ወደ ላይ ይውጡ። ቁጥሩ በድንገት ከወረደ፣ ከዚያ ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ ወንዙ የሚገባ ነገር አለ። በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ በኩል ግን መነሻው ፍል ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ያ ተፈጥሯዊ ነው፣ ቦታውን ለብቻው ዓይነት ያድርጉት።

7. ነፍሳቱን ለማረጋገጫ ብቻ ይውሰዱ

ከታች ወደ ላይ እየሄዱ 20 ቦታ ላይ 25 በ25 ሴንቲ ሜትር ወለል በእግር እያወኩ መረቡ ውስጥ ያስገቡ፤ በጠቅላላው 1.25 ካሬ ሜትር ይሆናል። 20ው ንክር እንደ ወለሉ ድርሻ ይከፋፈል፤ 60 በመቶው ድንጋይ ከሆነ 12ቱ ከድንጋይ ይሁኑ። ኤታኖሉን በማግሥቱ ይቀይሩ፣ የመጀመሪያው በናሙናው ውኃ ይቀጥናል።

በደህና ጅረት ድንጋይ ሥር ጠፍጣፋና ባለ ሦስት ጭራ እጮች (ኤፌመሮፕቴራ)፣ ከአሸዋና ከጭራሮ ቤት የሚሠሩ እጮች (ትሪኮፕቴራ)፣ ሸርጣንና የውኃ ተርብ እጭ ይገኛሉ። ደም የመሰሉ ቀይ ትሎችና አልቅት ከበዙ ወደ ተራ ቁጥር 4 ተመልሰው የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ።

ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ ቦታውን በነፍሳቱ ብዛት አይምረጡ። ነፍሳት የበዙበትን «ጥሩ» ብለው መርጠው፣ ኋላ «ጥሩ ቦታ ነፍሳት ይበዛበታል» ቢሉ በክብ መዞር ነው። ውጤቱ ዝቅ ያለ ቦታ የሚጣለው ያላዩት ጫና ከተገኘ ብቻ ነው። የውጭ መጽሐፍ የሚያሞግሳቸውን ባለ ሁለት ጭራ እጮች (ፕሌኮፕቴራ) ስላጡም አይደንግጡ፤ በኢትዮጵያ ደጋ ድሮም ጥቂት ናቸው። ለአገራችን ደጋ ጅረቶች የተዘጋጀው ኢትባዮስ የተባለው ነጥብ አሰጣጥ ከአውሮፓዎቹ ይሻላል።

8. ይወስኑ፣ ይመዝግቡ

ለአንድ ዓይነት ወንዝ ቢያንስ 5 ማነጻጸሪያ ይያዙ፣ ሁሉም ከአንድ ጅረት አይሁኑ። አንድ ቦታ ብቻ ካለዎት የተፈጥሮን መዋዠቅ ከጉዳት መለየት አይችሉም። 2 ተጠባባቂም ይጨምሩ፤ መንገድ ሲቆፈር ወይም አዲስ ጠለፋ ሲወጣ አንዱ መውደቁ አይቀርም።

ለያንዳንዱ ቦታ መጋጠሚያውን፣ ከፍታውን፣ ደረጃውን፣ የጫና ነጥቡን፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ግራ ቀኝ የተነሱ 4 ፎቶዎችን ያስቀምጡ። በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር ይመለሱ።

ማስጠንቀቂያ

- ደራሽ ጎርፍ፦ እርስዎ ያሉበት ጠርቶ ወደ ደጋው ሰማዩ ከጠቆረ፣ ወይም ውኃው በድንገት ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ መሸከም ከጀመረ ዕቃ ሳይሰበስቡ ወደ ዳገቱ ይውጡ።
- ቢልሃርዚያ፦ በወይና ደጋውና በቆላው፣ በተለይ ቀንድ አውጣ በሚታይበት ዝግ ያለ ፍሰት፣ ያለ ቦቲና ጓንት አይግቡ። ውኃ ከነካዎት ወዲያው በፎጣ ይድረቁ፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ የሰገራ ምርመራ ያድርጉ።
- ኤታኖል በፍጥነት ይቀጣጠላል። በተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተዉት፣ አጠገቡ አይጨስ።

ብዙ ጊዜ የሚፈጠሩ ስህተቶች

የምንጭ አፍን ማነጻጸሪያ ማድረግ። ምንጭ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ኦክስጅኑም ገና አልሞላም፣ ነፍሳቱም ጥቂትና ልዩ ናቸው። ቢያንስ 300 ሜትር ወደ ታች ይውረዱ።

ለመኪና የቀረበውን መምረጥ። ድልድይ ሥር ያለ ቦታ ልብስ ይታጠብበታል፣ አሸዋ ይጫንበታል፣ የመንገዱ ጎርፍ ይገባበታል።

የሚደርቀውን ከማይደርቀው ማስተያየት። በምሥራቁ ተዳፋት ብዙ ጅረት በበጋ ይቆማል፤ ነፍሳቱ ያነሱት በድርቀቱ እንጂ በብክለት አይደለም።

ማነጻጸሪያውን በኅዳር፣ የሚመዘነውን በመጋቢት መለካት። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለኩ።

ፈልጌ ባጣስ?

በቆላውና በትልልቆቹ ወንዞች ይህ ያጋጥማል፤ ለከሚሴው ቦርከና መጠን ደረጃ ሀ አይገኝም። መጀመሪያ ወደ ጎረቤት ተፋሰስ፣ ለምሳሌ ወደ ሚሌ ገባሮች፣ በዚያው ከፍታና ስፋት ይፈልጉ። ካልተገኘ ከ15 ያላነሱ ቦታዎችን ከቀላል እስከ ከባድ ጫና ይደርድሩ፣ የጫና ነጥቡን በአግድም፣ የነፍሳቱን ውጤት በቁም አድርገው ግራፍ ይሥሩ፤ መስመሩ ጫናው ዜሮ ሲሆን የሚያሳየው ዋጋ እንደ ማነጻጸሪያ ያገለግላል። ሪፖርቱ ላይ «የተሰላ እንጂ የተለካ አይደለም» ብለው ይጻፉ፤ ቁጥሩንም ከነስህተት ወሰኑ ያስቀምጡ።